ሚዛኑ ወደ ኋላ ሲመለስ፦ ክብደት መቀነስ የጀመረ ሰው ስለምን ተስፋ ይቆርጣል?

በይርጋጨፌ ከተማ፣ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ለብዙ ጊዜ ሳይተያዩ የቆዩ ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ የሰላምታቸው ግማሽ ስለ ሰውነት ነው። «ወፈር ብለሃል፤ ተስማምቶሃል» ከተባለ ምስጋና ነው። «ምነው ከሳህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» ከተባለ ግን ሐዘኔታ ነው። ልማዱ የይርጋጨፌ ብቻ አይደለም። በአገራችን ውፍረት የጥጋብና የጤና፣ ክሳት የችግርና የሕመም ምልክት ሆኖ ኖሯል። ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት ደግሞ ክሳት ሌላ ከባድ ትርጉም ተጨምሮበታል። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ መካከል ሆኖ ለወራት ክብደቱን ለመቀነስ የሚታገል ሰው ትግሉ ከሆዱ ጋር ብቻ አይደለም።

እስቲ አንድ ሰው በምናባችን እንፍጠር። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በይርጋጨፌ በአንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ የሚይዝ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው እንበል። ደሙ ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙም ክብደቱን እንዲቀንስ አዘዘው። ሰውዬው ትእዛዙን አከበረ። በሻዩ ላይ የሚጨምረውን ስኳር ተወ፤ የምግቡን መጠን ቀነሰ፤ ከሥራ ወደ ቤቱ በባጃጅ መሄዱን ትቶ ዳገቱን በእግሩ ይወጣው ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ 7 ኪሎ ግራም ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቆመ። ለስድስት ሳምንት ምንም አልተነቃነቀም። በዚህ መሐል የእሸት ቡና መልቀሚያው ወቅት አልፎ በየቤቱ ገንዘብ ገባ፤ ሠርጉና ድግሱ ተከታተለ፤ የጌዴኦ የምስጋናና የአዲስ ዓመት በዓል ደራሮም ደረሰ። ከበዓሉ ማግስት ሚዛን ላይ ቢወጣ 2 ኪሎ ጨምሮ አገኘው። በዚያ ቀን ሚዛን ላይ መውጣቱን ተወ፤ በሳምንቱ በእግር መሄዱን ተወ፤ በወሩ ደግሞ የሕክምና ቀጠሮውን ሳይሄድበት ቀረ። ምን ብሎ ሐኪሙ ፊት ይቅረብ?

እኛን የሚያሳስበን የመጨረሻው ነው። ሁለቱ ኪሎ አይገድሉትም። ከቀጠሮ መቅረቱ ግን ዓይኑን፣ ኩላሊቱንና እግሩን ሊያሳጣው ይችላል።

የዚህ ሰው ጎረቤቶች «ቆራጥነት የለውም» ይሉ ይሆናል፤ እርሱም ስለ ራሱ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። ሚዛን መቆሙ፣ ከዚያም ወደ ኋላ መመለሱና ይህን ተከትሎ መንፈስ መውደቁ በረጅም ጊዜ ክብደት መቀነስ መንገድ ላይ የሚጠበቅ፣ ሳይንስም ምክንያቱን በአብዛኛው የደረሰበት ክስተት ነው። ሰውዬውን ያንበረከከው ክስተቱ ሳይሆን ክስተቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ዳገቱን ደብቆ ሰውን መንገድ ማስጀመር የመሪው እንጂ የመንገደኛው ጥፋት አይደለም። በዚህ ረገድ የሳይንስ ሰዎች ነን የምንል ሁሉ ተጠያቂነት አለብን።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ተቃውሞ ማስተናገድ ይገባል። በጌዴኦ ምድር ስለ ውፍረት መጻፍ ቅንጦት አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው የዕለት ጉርስ አጥተው ነበር። የሕፃናት ምግብ እጥረትም ያለፈ ታሪክ አልሆነም። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው ዘመን ከሚገባው በላይ የከሱት ከ30 በመቶ ወደ 22 በመቶ ዝቅ ብለዋል። ሁለቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን እየተካ የሚሄድ ሳይሆን በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለጤናው ሲል መቀነስ ያለበትን ሰው ብቻ ነው። ክብደቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ለመልኩ ሲል ራሱን በረኀብ የሚቀጣ ተማሪ እዚህ ውስጥ ማበረታቻ እንዳይፈልግ አጥብቀን እናሳስባለን።

አካል የሚይዘው ሒሳብ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብ ቀላል ነው፦ በምግብ ከሚገባው ኃይል ይልቅ የሚወጣው ከበለጠ ክብደት ይቀንሳል። ሒሳቡ ትክክል ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር የወጪው መጠን ቋሚ አለመሆኑን አለመናገሩ ነው። ሰውነት ሲቀንስ የሚያቃጥለውም ኃይል ይቀንሳል፤ ደግሞም ከመጠኑ ማነስ ከሚጠበቀው በላይ ይቆጥባል። በዚህም ላይ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ምሥጢር ፈቱ። ሌፕቲን የሚመነጨው ከራሱ ከስብ ነው፤ ለአንጎልም «ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም ይህን የሚተረጉመው እንደ ችጋር ነው። ባለቤቱ በፈቃዱ እየቀነሰ መሆኑን አንጎል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ለ10 ሳምንት ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት የተከተሉ 50 ሰዎችን መርምሮ፣ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ከፍ ማለቱንና ሌፕቲን ዝቅ ማለቱን አገኘ። የሚያስገርመው ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ነበረበት አለመመለሱ ነው። የእኛ ሒሳብ ያዥ በስድስተኛው ወር ከመጀመሪያው ይልቅ ቢርበው ስንፍና አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኬቪን ሆል የተመራው ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጉልቶታል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ በአማካይ ከቀነሱት 58 ኪሎ ግራም 41 ያህሉን መልሰው አግኝተዋል፤ ሰውነታቸውም በቀን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። ውድድሩ እጅግ የተጣደፈ በመሆኑ ውጤቱን ሁሉ ሰው ላይ መጫን አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ዛሬ ብዙ የሚወራላቸውን አዳዲስ መድኃኒቶች ብንወስድ እንኳ ነገሩ ያው ነው። ሴማግሉታይድ የተባለውን መርፌ ወስደው ብዙ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው እንዳገኙ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቧል። የቆራጥነት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ መርፌው ሲቆም ክብደቱ ባልተመለሰ ነበር።

መንፈስ መውደቁስ? በዚህ ላይ ከሁሉ የምንጠቅሰው በአንሴል ኪይስ የተመራውን የሚኒሶታ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ የተጀመረው ይህ ጥናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በረኀብ የተጎዱ ሕዝቦችን እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ የታቀደ ነበር። በኅሊና ምክንያት መሣሪያ አንይዝም ያሉ 36 ጤናማ ወጣቶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ለስድስት ወራት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን እየተመገቡ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ቀድሞ ጨዋታ ወዳድ የነበሩት ዝምተኞች ሆኑ፤ በጥቃቅን ነገር ይቆጡ ጀመር፤ ለትምህርትም ሆነ ለፍቅር የነበራቸው ፍላጎት ጠፋ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ስለ ምግብ አሠራር የሚናገሩ መጻሕፍትን የሚሰበስቡም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው በአእምሮ ጤንነታቸው ተመርጠው የገቡ እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። የምግብ ማነስ በራሱ መንፈስን እንደሚጥል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም። በሐኪም ምክር በልኩ የሚቀንስ ሰው ወደዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ነገር ግን መጠኑ ይነስ እንጂ የሚሰማው ድብርት ከዚያው ምንጭ ሊቀዳ ይችላል። ፈጥኖ ለመቀነስ ብሎ ምሳና እራቱን የሚሰርዝ ሰው ተነሣሽነቱን በገዛ እጁ እየገደለ ነው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሁለቱ ኪሎም አንድ ነገር እንበል፤ ለተማሪዎቻችን ጥሩ የሒሳብ መልመጃ ነውና። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። ስለዚህ በሦስት ቀን በዓል 2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከዕለት ፍጆታ በላይ ከ15,000 ካሎሪ ያላነሰ መብላት ያስፈልጋል፤ በቀን ከ5,000 በላይ ማለት ነው። ይህን የሚችል ሆድ ብርቅ ነው። ታዲያ ሁለቱ ኪሎ ምንድን ናቸው? በአብዛኛው ውኃ ናቸው። ሰውነት ከቆጮ፣ ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች፣ በእያንዳንዱ ግራም ላይ 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ጨውም ውኃ ያስቀራል። በአንጀት ያለው ምግብ ራሱ ክብደት አለው። ሰውዬው ወደ ቀድሞው አመጋገቡ ቢመለስ አብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይወርድ ነበር። ሚዛኑ አልዋሸውም፤ እርሱ ግን ውኃውን ስብ ነው ብሎ አነበበው።

«አንዴ ገድፌአለሁ»

ጾም ሳያውቅ የገደፈ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አፉን ተጉመጥምጦ ጾሙን ይቀጥላል። ሌላው «አንዴ ገድፌአለሁ» ብሎ እስኪመሽ ይበላል። ሥነ ልቦና ይህን ሁለተኛውን ሰው በቤተ ሙከራ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ኸርማንና ባልደረባው ባሳተሙት ጥናት፣ ምግባቸውን የሚቆጣጠሩና የማይቆጣጠሩ ተማሪዎች በወተትና በአይስክሬም የተሠራ ጣፋጭ መጠጥ ከጠጡ በኋላ ለቅምሻ በሚል አይስክሬም ቀረበላቸው። የማይቆጣጠሩት መጠጡ ስላጠገባቸው ትንሽ በሉ። የሚቆጣጠሩት ግን መጠጡን ካልጠጡ መሰሎቻቸው የበለጠ በሉ። የዕለቱ ሕግ አንዴ ፈርሷልና የቀረው ምን ዋጋ አለው? በኋላ ኸርማን ከጃኔት ፖሊቪ ጋር ይህንኑ ጠባይ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። በአልኮልና በሌሎች ሱሶች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል፦ አንዲት መሰናከል ወደ ሙሉ ውድቀት የምትለወጠው ሰውዬው ለመሰናከሉ በሚሰጠው ትርጉም ነው። «ዛሬ ደከመኝ» ያለ ይነሣል፤ «እኔ እንዲህ ነኝ» ያለ ይቀራል።

እዚህ ላይ በቤታችንም በትምህርት ቤታችንም ሥር ከሰደደ አንድ እምነት ጋር እንጋጫለን። ስንፍናን የሚያስተካክለው ወቀሳ ነው ይባላል፤ ሰውም ራሱን በወቀሰ መጠን የሚበረታ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ምግባቸውን የሚቆጣጠሩ ሴት ተማሪዎች ዶናት ከበሉ በኋላ ግማሾቹ «ሁሉም ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይበላል፤ በራሳችሁ አትጨክኑ» የሚል ቃል ተነገራቸው። ከዚያ ከረሜላ ሲቀርብ ብዙ የበሉት ቃሉ ያልተነገራቸው ናቸው። ጥናቱ አንድ ነው፤ የሚለካውም የአንድ ቀን ጠባይ ነው። ሆኖም ለራስ መራራት ማለት ራስን መልቀቅ እንዳልሆነ ለማሰብ መነሻ ይሆነናል።

ያላፈራው ቡና

የይርጋጨፌ ገበሬ ይህን ከእኛ አይማርም። ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው እንደሚያንስ ያውቃል፤ ዛፉ ስንቁን ለፍሬ አውጥቶ ጨርሷልና። ስለዚህም ዛፉን አይነቅለውም። ያረጀውን ደግሞ ይጎነድለዋል፦ ግንዱን ከጉልበት በታች ቆርጦ ጉቶውን ብቻ ይተወዋል። የተጎነደለ ቡና ለሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አይሰጥም። መንገደኛ ቢያየው የጠፋ እርሻ ይመስለዋል። ከጎኑ የሚበቅለው እንሰትም ቢሆን ለምግብ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንዲህ ባለ የረጅም ጊዜ ስሌት የቆመ ነው። ይህ ስሌት ለቡና የሚሠራውን ያህል ለገዛ ሰውነታችን ለምን እንደማንጠቀምበት ይገርመናል።

ለዚህ የረጅም ጊዜ ስሌት የሚደግፈን ትልቅ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት 3,234 ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎችን ያቀፈ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ቀጥሎ የመጣው ነው ለጉዳያችን የሚበጀው። ብዙዎቹ በተከታዮቹ ዓመታት ከቀነሱት ክብደት አብዛኛውን መልሰው አገኙ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ፣ በበሽታው የመያዛቸው መጠን መጀመሪያ ፕላሴቦ (ባዶ እንክብል) ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር አሁንም በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ክብደቱ ቢመለስም ድካሙ ሜዳ ላይ አልቀረም። የእኛ ሒሳብ ያዥ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ከቀጠሮው ባልቀረ ነበር ብለን እናምናለን።

ይህን ስንል መመለሱን ችላ ይበለው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመውና ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመት የጠበቁ ሰዎችን የሚከታተለው ብሔራዊ መዝገብ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ከተሳካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ነበሩ። ሁለተኛው ደስ አይልም፦ ብዙ የመለሰ ሰው ወደ ነበረበት ዝቅ ማለቱ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ላይ መንቃት አሥር ኪሎ ላይ ከመንቃት እጅግ ይቀላል። ለዚህ ደግሞ ሚዛኑን የማይፈራ ሰው ያስፈልጋል፤ ራሱን የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ የሚሸሸው ሚዛኑን ነውና።

ለመንገዱ የሚሆን ስንቅ

የቀረው የኑሮ ነው። በአገራችን ምግብ እምቢ ማለት ሰውን እምቢ ማለት ነው። «በሞቴ» የተባለበትን ጉርሻ የሚመልስ ማን ነው? ቡናው ሦስቴ ሲቀዳ ስኳሩ አብሮ ይመጣል፤ ቆሎውና ፈንዲሻውም እንዲሁ። በዚህ መካከል «እበረታለሁ» ብሎ መወሰን ብቻውን አያዋጣም። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 እንደ ጻፈው፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ ቦታውና ጊዜው ተቆርጦ የተያዘ ሐሳብ ከደፈናው ውሳኔ ይልቅ ይፈጸማል። «እትዬ ሲያጎርሱኝ አንዷን በደስታ ተቀብዬ እጄን እታጠባለሁ።» «ቡናዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ለባለቤቷም ገና ሲቀዳ እነግራታለሁ።» ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ለመሰናክሉ ራሱ የሚዘጋጀው ነው፦ «ሚዛኑ 2 ኪሎ ጨምሮ ሲገኝ፣ በማግሥቱ ጠዋት ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፤ በሳምንቱም እንደገና እመዘናለሁ።» ይህ የሚጻፈው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልብ ገና ሳይሰበር ነው።

ሐኪሞቻችንና ጤና ባለሙያዎቻችን በመጀመሪያው ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ እንወዳለን፦ «ከስድስት ወር አካባቢ በኋላ ይቆማል፤ ምናልባትም ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ እፈልግሃለሁና እንዳትቀር።» በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የጤናና የሳይንስ ትምህርት የምትከታተሉ ተማሪዎችም ነገ ይህን ዐረፍተ ነገር የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። እስከዚያው ድረስ ለእናትና ለአባት፣ ለአጎትና ለአክስት መናገር ትችላላችሁ። በሰላምታ ላይ «ምነው ከሳህ?» የሚለውን መተውም ከባድ አይመስለንም። «እንዴት ከረምክ?» ይበቃል።

በከተሞቻችን አስፋልት ዳር ሚዛን አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «ልመዝንዎት?» የሚሉ ልጆች አሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ቁጥሩን ጮኽ ብለው ከማንበባቸው በቀር ፍርድ አይሰጡም። ሒሳብ ያዡ ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተሩ ላይ ቢያሰፍር፣ ከጎኑም «በዓል ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያነጻጽርበት ይኖረዋል።